ከጋን ወደ ወረቀት

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህን አባባል በልጅነቴ ስሰማው ስለ ሃይማኖት መጻሕፍትና ስለ ርስት ሰነድ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ስለ ጠላም ሊነገር እንደሚችል የገባኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ ቢራ ጠማቂ የመጠጦቹን ዝርዝር ለኢትዮጵያውያን ደንበኞቹ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ጠይቆኝ ነበር።

ዝርዝሩ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። እያንዳንዱ ቢራ ከምን እህል እንደተጠመቀ፣ እህሉ ምን ያህል እንደተቆላ፣ መጠጡ ተጣርቶ ወይም ሳይጣራ እንደሚቀርብ ይናገራል። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ ደረጃ የታወቀ ስም አለው። እኔ ግን በሁለት ቋንቋ እንጀራዬን የምበላ ሴት ሆኜ ሳለ «ያልተጣራና ደመና የመሰለ ቢራ» ከማለት የተሻለ ቃል አጣሁ። የጻፍኩትን መልሼ ባነበብኩት ቁጥር አስቀየመኝ። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ለምትኖረው የእናቴ ታላቅ እህት ስልክ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ጠላ ሳይጣራ ሲቀዳ ምን ይባላል?»

«ጉሽ ነዋ! ሌላ ምን ይባላል?»

«ለጠላ ተቆልቶ የሚፈጨው እህልስ?»

«አሻሮ።»

«ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቀጭኑስ?»

«ቅራሪ። አንቺ ልጅ፣ ደኅና ነሽ?»

በሩብ ሰዓት ውስጥ ትርጉሜ ተቃና። ደስ ብሎኝ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ ለአንድ ጋን ጠላ ስንት ጌሾ እንደሚገባ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለችና «እሱን የሚያውቀው ዓይኔ ነው» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ መልስ ነው። በዓለም ዙሪያ በአነስተኛ ጠማቂዎች እጅ የሚሠራው ቢራ ከመጥፋት ተርፎ ዛሬ ላለበት ክብር የበቃው ጠማቂው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዓይን የሚያውቀውንና ምላስ የቀመሰውን በወረቀት ያሰፈሩ ሰዎች ስለነበሩም ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጠመቃ ቋንቋ

የጠላ አጠማመቅ ከአገር አገር ቢለያይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ ጥንስስ ይሆናል። በጥንስሱ ላይ የተፈጨ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ሲጨመር ድፍድፍ ይባላል። ከዚያም አሻሮው፣ በመጨረሻም ውሃው ይገባና የጋኑ አፍ ይደፈናል። ሲደርስ ሳይጣራ የተቀዳው ጉሽ ነው፤ የተጣራው ፍልተር ይባላል። ውሃ ተደግሞበት የሚወጣው ቅራሪ፣ የሚቀረው ዝቃጭ አተላ ነው፤ አተላውም ለከብት ይሰጣል።

እነዚህ ቃላት ተራ የጓዳ ቃላት ይመስላሉ። ሆኖም በባሕር ማዶ የጠመቃ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ሐሳቦች አብዛኞቹ በእነርሱ ውስጥ ይገኛሉ። እንግሊዞች በአንድ ብቅል ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ውሃ እየጨመሩ ለልጆችና ለአገልጋዮች የሚሆን ቀላል ቢራ ያወጡ ነበር፤ ይህ የእኛ ቅራሪ ነው። በጀርመኗ ባምበርግ ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው ጭስ ጭስ የሚል ቢራ ይጠምቃሉ። በእነርሱ ዘንድ ጭሱ የሚገባው በብቅሉ በኩል ነው፤ በእኛ ዘንድ በጋኑ በኩል። ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት በአሜሪካ አነስተኛ ጠማቂዎች ዘንድ ገበያውን የያዘው ቢራም ዋነኛ መለያው አለመጣራቱ ነው። ጉሽ ነው ማለት ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቃልም አለ። ሆፕስ የተባለውን የቢራ ተክል ብዙ ተርጓሚ «ጌሾ» ብሎ ያልፈዋል። ሆፕስ ሐረግ ነው፤ የሚፈለገውም አበባው ነው። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ ከእርሱ የሚፈለገው ቅጠሉና እንጨቱ ነው። ሁለቱም መጠጡን ያመርራሉ፤ ዝምድናቸው ግን ከዚህ አያልፍም። ስለዚህ ሆፕስን ጌሾ ብሎ የሚተረጉም ሰው ሥራውን እንጂ ዘሩን አልተረጎመም።

የቄሱ ሚስት

በአውሮፓም ቢሆን ጠመቃ በመጀመሪያ የሴት ሥራ ነበር። የታሪክ ምሁሯ ጁዲት ቤኔት በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ በ1300 አካባቢ በእንግሊዝ አገር አብዛኛውን መጠጥ ጠምቀው የሚሸጡት ሴቶች ነበሩ። በ1600 ግን ሙያው በብዛት ወደ ወንዶች እጅ አልፎ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ሆፕስ ነው። ሆፕስ የገባበት ቢራ ሳይበላሽ ብዙ ስለሚቆይ በብዛት ተጠምቆ ወደ ሩቅ ገበያ ይላካል። በብዛት ለመጥመቅ ደግሞ ትልቅ ጋን፣ መጋዘንና ብድር ያስፈልጋል። እነዚህን ማግኘት ለወንድ ይቀል ነበር።

በዚያ የሽግግር ዘመን ዊሊያም ሃሪሰን የሚባል ቄስ ነበር። በኤሴክስ አውራጃ በራድዊንተር አጥቢያ ያገለግል ነበር። መጀመሪያ በ1577 በታተመውና የእንግሊዝን አገር በሚገልጸው መጽሐፉ ስለ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ሕግና ስለ ከተሞች እየጻፈ ሳለ ወደ ገዛ ቤቱ ጓዳ ገባ። ሚስቱ ከገረዶቿ ጋር በወር አንድ ጊዜ ቢራ ትጠምቅ ነበር። ሃሪሰን አጠገቧ ቆሞ ያየውን ጻፈ። ስምንት ቡሼል ብቅል በቤት ወፍጮ እንደሚፈጭ፣ ግማሽ ቡሼል የስንዴ ዱቄትና ግማሽ ቡሼል አጃ እንደሚጨመርበት፣ የመጀመሪያው ውሃ ሰማንያ ጋሎን ሆኖ ከፈላ በኋላ በዝግታ እንደሚፈስበት መዘገበ። ቡሼል በዘመኑ የነበረ የእህል መስፈሪያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጻፍ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። ሃሪሰን ግን ጻፈው፤ በዚህም የተነሣ አንድ የገጠር ሴት ከአራት መቶ ዓመታት በፊት እንዴት ትጠምቅ እንደነበር ዛሬ ማንም ሰው አንብቦ ሊሞክረው ይችላል።

አራት ወጣቶችና አንድ ጋዜጠኛ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ትላልቅ ፋብሪካዎች ትናንሾቹን ውጠው ቢራ በየአገሩ አንድ ዓይነት ወደ መሆን ተቃርቦ ነበር። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕግ ከልክላ ስለነበር ጉዳቱ በእርሷ በረታ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ ሰፊ አገር የቀሩት ቢራ ጠማቂዎች ከመቶ ያነሱ ነበሩ።

በቤልጂየምም ሆጋርደን በምትባል ትንሽ ከተማ በስንዴ፣ በድምብላልና በብርቱካን ልጣጭ የሚጠመቅ ነጭ ቢራ ነበር። የመጨረሻው ጠማቂ በ1950ዎቹ ሲዘጋ ቢራውም አብሮት ጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፒየር ሴሊስ የሚባል ወተት አከፋፋይ መልሶ አስነሣው። ሴሊስ ይህን ማድረግ የቻለው በወጣትነቱ በዚያው ጠማቂ ቤት እየገባ ሥራ ያግዝ ስለነበር ነው። የአንዲት ከተማ መጠጥ በአንድ ሰው ትዝታ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። እርሱ ባይኖር ወይም ቢረሳው ኖሮ ማን ያስነሣው እንደነበር አላውቅም።

በ1971 አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች ለዕረፍት ወደ አየርላንድ ተጓዙ። ፋብሪካዎች ሕይወቱን ገድለው በጋዝ እየገፉ የሚሸጡትን ቢራ በመቃወም በዚያው አንድ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በሰልፍና በአቤቱታ ብቻ አልተወሰነም። ከ1974 ጀምሮ በየዓመቱ መጽሐፍ ያሳትማል፤ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው መጠጥ ቤት ደኅና ቢራ እንደሚገኝ አባላቱ እየዞሩ ቀምሰው የመዘገቡት ነው። ከአባላቱ አብዛኞቹ ተራ ጠጪዎች ነበሩ፤ ማስታወሻ ግን ይይዙ ነበር።

ከሁሉ የላቀው ማስታወሻ ያዥ በ1942 የተወለደው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ማይክል ጃክሰን ነው። ስሙ ከታዋቂው ዘፋኝ ጋር መግጠሙ ዕድሜ ልኩን ሲያስቀው ኖሯል። በ1977 ያሳተመው የዓለም ቢራ መመሪያ ቢራን በአገርና በዓይነት ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ስሙን፣ ታሪኩንና ጣዕሙን የሰጠ ሥራ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ክብር የሚሰጠው ለወይን ጠጅ እንጂ ለቢራ አልነበረም። ጃክሰን በ2007 እስካረፈ ድረስ የገበሬ ቤትም ገዳምም ሳይለይ እየገባ ጠየቀ፣ ቀመሰ፣ ጻፈ። በእርሱ መጽሐፍ ስማቸው የተነሣ ብዙ ትናንሽ ጠማቂዎች ከሌላ አገር ገዢ አገኙ። መጽሐፉን ያነበቡ ወጣቶችም በየአገራቸው የጠፋውን ዓይነት ለመጥመቅ ተነሡ።

በአሜሪካ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ ሰዎች ለራሳቸው የሚጠጡትን ቢራ በቤታቸው እንዲጠምቁ ፈቀደ። የፈቀደው መጠን ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ቤት 200 ጋሎን ነው። ቻርሊ ፓፓዚያን የተባለ አስተማሪ በዚያው ዓመት የቤት ጠማቂዎችን ማኅበር ከነመጽሔቱ አቋቋመ፤ በ1984 ደግሞ ማንም ሰው በማጀቱ ሊከተለው የሚችል የጠመቃ መመሪያ አሳተመ። ከቤት ጠማቂዎቹ ብዙዎቹ ኋላ የራሳቸውን ጠመቃ ቤት ከፈቱ። ከመቶ በታች የነበሩት ጠማቂዎች ዛሬ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ሆነዋል። ሁሉም አይዘልቁም። ለዚህ እንቅስቃሴ ፈር ቀዳጅ ከነበሩት አንዱ፣ ፍሪትዝ ሜይታግ በ1965 ከመዘጋት ያዳነው የሳን ፍራንሲስኮው አንከር፣ በ2023 ሥራ አቁሞ በ2024 ለሌላ ባለቤት ተሸጧል። ቤቱ ቢዘጋም የአጠማመቁ ዘዴ ግን ተጽፎ በሌሎች እጅ ገብቷል።

በድንጋይ የተጻፈው ቢራ

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ ከወረቀት በፊት በድንጋይ ይጀምራል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በቤጃ ላይ ስለተደረገው ዘመቻ በግእዝና በግሪክ ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ። ስድስት አለቆችና 4,400 ሰዎች ከአገራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ምድር ሲወሰዱ ምን ይመገቡ እንደነበር ይዘረዝራል። እንጀራው ተቆጥሯል፤ ከብቱ ተቆጥሯል። ከሚጠጣውም ቢራ፣ ወይን ጠጅና ውሃ እስኪጠግቡ እንደተሰጣቸው ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ቁጥር መካከል ያን ያህል ቢራ ማን እንደጠመቀውና እንዴት እንደተጠመቀ የሚናገር አንድም ቃል የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን የምናውቀው በብዛት መንገደኞች ሲያልፉ ከጣሉት ቃል ነው። ከ1769 ጀምሮ በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ከጤፍና ከዳጉሳ ስለሚጠመቅ መጠጥ ጽፏል። ስሙን ግን «ቡዛ» ይለዋል፤ ይህም ከግብፅና ከሱዳን ይዞት የመጣ ቃል ነው። እንግዳ ሲጽፍልን የራሳችንን ስም እንኳ እንደማያስቀርልን ይህ ማሳያ ነው።

የፋብሪካ ቢራ ሲመጣ ግን ብዕሩም አብሮት መጣ። በ1922 አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ፣ በዚያው ዓመት ናይሮቢ ላይ የኬንያ ቢራ ፋብሪካ ተመሠረቱ። በ1939 ሉዊጂ ሜሎቲ በአስመራ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። የናይሮቢውን ከመሠረቱት ወንድማማቾች አንዱ ጆርጅ ኸርስት በ1923 ለአደን በወጣበት ዝሆን ገደለው፤ ቢራውም በዚያ ምክንያት በባለ ጥርሱ ዝሆን ስም «ተስከር» ተባለ። ይህን ታሪክ ናይሮቢ ውስጥ የማያውቅ ጠጪ የለም ማለት ይቻላል። ሽያጩም ሳይቀር ተመዝግቧል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1998 በፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እጅ ገባ፤ ሄኒከን በ2011 ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ።

በፋብሪካዎቹ ታሪክ መጻፍ አልቀናም። የሚቆጨኝ ግን ሰውየውን የገደለው ዝሆን እንኳ ተጽፎለት ሳለ፣ በየሰፈሩ በረጅም እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ ስትሸጥ ልጆቿን ያሳደገችው ሴት አለመጻፏ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው። የምዕራብ ኬንያ ቡሳ፣ የኪሊማንጃሮ ቻጋዎች ከሙዝና ከዳጉሳ የሚጠምቁት ምቤጌ፣ በኡጋንዳ ከማሰሮው ዙሪያ በረጅም መምጠጫ የሚጠጣው ማልዋ፣ የደቡባችን ቦርዴና ሻሜታ፣ የጎንደር ኮረፌ፣ የትግራይና የኤርትራ ስዋ፣ የኦሮሞ ፋርሶ፣ እነዚህ ሁሉ በእጅና በዓይን ተይዘው የኖሩ ናቸው። ምሁራን ፈጽሞ አልረሷቸውም። የሐዋሳና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት የቦርዴን አዘገጃጀት ደረጃ በደረጃ መዝግበዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ በሳይንስ መጽሔት ስለሚቀር ቦርዴ ለምትጠምቀዋ ሴት ልጅ እጅ አይደርስም።

ዓይን የሚያውቀው

አንዳንድ አንባቢ «ሙያ በእጅ እንጂ በወረቀት አይገኝም» ብሎ ይቃወመኝ ይሆናል። እውነት አለው። እትዬን አጠገቧ ቆሞ ያልተማረ ሰው ወረቀት ስላነበበ ብቻ የእርሷን ጠላ አይጠምቅም። ሆኖም አጠገቧ የሚቆም ማን ቀረ? እኔ ራሴ በልጅነቴ ወደ ማጀት በገባሁ ቁጥር «አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ከጭሱ ራቂ» እየተባልኩ ተመልሻለሁ። ይህን ያሉኝ በፍቅር ነው። ጠላ ጠመቃ ወገብ የሚቆርጥና ዓይን የሚያጠፋ፣ ትርፉም ትንሽ የሆነ ሥራ መሆኑን ስለሚያውቁ ከዚያ ሊያወጡኝ ፈለጉ፤ አወጡኝም። የወጣሁበት በር ከኋላዬ ሲዘጋ ግን እነርሱም እኔም ልብ አላልንም። ደብረ ብርሃን ላይ በ2015 የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ ተከፍቷል፤ የእትዬ የልጅ ልጆች ቢራ ሲያምራቸው ጠርሙስ ይከፍታሉ።

ባለፈው ወደ አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ እትዬ ለዘመድ ተዝካር ስትጠምቅ ደረስኩ። እንደ ቄስ ሃሪሰን አጠገቧ ቆሜ ልጽፍ ወሰንኩና ደብተርና ትንሽ የማጀት ሚዛን ይዤ ገባሁ። ጌሾውን ወደ ጋኑ ከመጨመሯ በፊት እያንዳንዱን እፍኝ ተቀብዬ መዘንኩ። ሦስቱ እፍኞች ሦስት የተለያየ ክብደት ሆኑ። «አየሽ እትዬ፣ ዓይንሽ ተሳሳተ» አልኳት እየሳቅሁ።

እርሷ አልሳቀችም። «አልተሳሳተም» አለች። «የመጀመሪያው የዘንድሮ ነው። ይኼ የኋለኛው የከረመ ነው፤ ኃይሉ ደክሟል። ስለዚህ አበዛሁለት።»

ሚዛኔ ያልያዘውን ሕግ ዓይኗ ይዞት ነበር። ይህንንም ጻፍኩ። የጌሾው ዕድሜ፣ የቅጠሉና የእንጨቱ ድርሻ፣ ገብሱ የተገዛበት ገበያ፣ ጥንስሱ ያደረባቸው ቀናት፣ የወሩ ብርድ፣ የጠማቂዋ ሙሉ ስም ከነአባቷ፣ ሁሉም በደብተሩ ገባ። ማታ ላይ አነበብኩላት። ዓይኖቿን ጨፍና አዳመጠችና ሁለት ቦታ አረመችኝ፤ አንደኛው የወይራው ጭስ ጊዜ፣ ሁለተኛው ብቅሉ ከተፈጨ በኋላ ማደር እንደሌለበት ነበር።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይባላል። የአንዲት ሴት አጠማመቅ የሰፈረበት አንድ ደብተር ከጠጠር አይበልጥም። ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ገና የምትጠምቅ እናት፣ አክስት ወይም አያት ካለች ግን በሚቀጥለው በዓል ሲሄዱ ደብተር ይያዙ። ስንት ጌሾ እንደሚገባ ይጠይቋት። «ዓይኔ ያውቀዋል» ካለችዎ እዚያ ላይ አያቁሙ፤ ዓይኗ ምን እንደሚያይ ይጠይቋት።